ማሊንዲ፦ ዝናብ ሲመጣ የሚበተን ማኅበር

ማሊንዲ በኬንያ የህንድ ውቅያኖስ ዳርቻ፣ ከሞምባሳ በስተሰሜን 120 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ከተማ ናት። ከምድር ወገብ በስተደቡብ ሦስት ዲግሪ ላይ ስለሆነች ዓመቱን ሙሉ ሙቀት ነው። ወቅቱን የሚለየው ነፋሱ ነው። ከኅዳር እስከ መጋቢት ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰውን ደረቅ ነፋስ ካስካዚ ይሉታል። ከሚያዝያ ጀምሮ ከደቡብ የሚመጣው ኩሲ ይባላል፤ ትልቁን ዝናብ ይዞ የሚገባ እሱ ነው። ድሮ የዓረብና የህንድ ጀልባዎች የሚመጡትና የሚመለሱት እነዚህን ነፋሶች ጠብቀው ነበር። ዛሬም በከተማዋ የሚኖሩ ጡረተኛ የውጭ አገር ሰዎች የሚሰበሰቡትና የሚበተኑት በዚሁ ነፋስ ነው።

ልጄ ኬንያዊ አግብታ ማሊንዲ ትኖራለች፤ በአንድ ሆቴል ሂሳብ ክፍል ትሠራለች። አባቷ ካረፉ ወዲህ በደወለች ቁጥር "እማዬ፣ ቤቱን ሸጠሽ ጠቅልለሽ ነይ፤ ጉልበትሽም ሙቀት ይሻለዋል" ትለኛለች። እኔ 66 ዓመቴ ነው። ለ34 ዓመት በነርስነት ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ብዙ አዛውንት ልጆቻቸው ዘንድ ሄደው ምን እንደሚገጥማቸው በሥራዬም በሰፈሬም አይቻለሁና ቤት ከመሸጥ በፊት ልየው ብዬ ከጥር መጨረሻ እስከ ሚያዝያ አጋማሽ ተቀመጥኩ። ከአገራቸው ርቀው እዚያ የሚያረጁ ሰዎች እንዴት ውለው እንደሚያድሩ ማየት ፈለግሁ። እኔም ብሄድ ከእነሱ አንዷ መሆኔ አይደል?

ከአዲስ አበባ ናይሮቢ በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ነው። ከዚያ በ2017 እ.ኤ.አ. ሥራ በጀመረው አዲሱ ባቡር ሞምባሳ ይገባል። ባቡሩ የጻቮን ቀይ አፈር ሲያቋርጥ ዝሆን በመስኮት ይታያል። ከሞምባሳ ወደ ማሊንዲ መንገዱ ባሕሩን በቀኝ ትቶ በቃጫ እርሻና በኮኮናት ዛፍ መካከል ይሄዳል።

ከተማዋ አሮጌ ናት። ቫስኮ ዳ ጋማ እ.ኤ.አ. በ1498 ደርሶ ወደ ህንድ የሚመራውን መርከብ ነጂ ያገኘው እዚሁ ነው። ፖርቱጋሎች ያቆሙት ነጭ ዓምድ ከባሕሩ በላይ በሚገኝ ድንጋያማ ጫፍ ላይ ዛሬም አለ። ዓምዱ ሥር ቆሜ ያሰብኩት ስለ ልጁ ስለ ክርስቶፎሮ ዳ ጋማ ነበር። እሱ በ1541 እ.ኤ.አ. 400 ነፍጠኞች ይዞ አፄ ገላውዴዎስን ሊረዳ ወደ እኛ አገር መጥቶ በዓመቱ እዚሁ የሞተው ነው። አባት በማሊንዲ በር አለፈ፤ ልጅ በኢትዮጵያ ምድር ቀረ።

የአሁኖቹ እንግዶች ግን ጣልያኖች ናቸው። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የጣልያን ሳይንቲስቶች ከማሊንዲ በስተሰሜን ባሕር ላይ መድረክ ተክለው ሳተላይት ማስወንጨፍ ጀመሩ። በ1970 የኬንያ የነፃነት በዓል ዕለት የተወነጨፈችው ሳተላይት "ኡሁሩ" ተባለች፤ በስዋሂሊ ነፃነት ማለት ነው። ለሥራ የመጡት ቦታውን ወደዱት፤ ቱሪስቱ ተከተለ፤ ሆቴልና ቪላ ተሠራ። ቱሪስት ሆነው ከመጡት ውስጥ ጡረታ ሲወጡ የቀሩ አሉ። ዛሬ የባጃጅ ሾፌሩ፣ አትክልት ሻጩ፣ የባሕር ዳር ልጆች ሁሉ ጣልያንኛ ያንበለብሉታል።

እኔና ጣልያኖቹን ያስተዋወቀን ቃል ነው። ልጄ ቤት አጠገብ ባለች ቡና ቤት በየጠዋቱ አንድ ጠረጴዛ ከብበው የሚቀመጡ ጡረተኞች ነበሩ። አንዱ የ78 ዓመት ሽማግሌ ከቱሪን ከተማ የመጡ፣ ዕድሜያቸውን መኪና ሲጠግኑ የኖሩ ናቸው። አንድ ቀን የወንበራቸው እግር ላልቶ ሲቸገሩ አይቼ ልጄን "ካቻቪቴ ፈልጊላቸው፤ ብሎኑ ነው" አልኳት። ሽማግሌው ዘወር ብለው "ምን አልሽ?" አሉኝ። ጎሚስታ፣ ላቫጆ፣ ቦሎ፣ ባንኮኒ፣ ኮሚዲኖ፣ ፉርኖ እያልኩ ስቆጥርላቸው ጠረጴዛው በሳቅ ፈረሰ። በእንግሊዝኛና በእነዚህ ቃላት ጨዋታ ቀጠልን። ቃላቱ በምን መንገድ ወደ አገራችን እንደገቡ ሁላችንም እናውቃለን። አያቴ ማይጨው የቀሩ ናቸው፤ ይህንንም ነገርኳቸው። ሽማግሌው ዝም ብለው ቆዩና "ያ የእኛ ኀፍረት ነው" አሉ። ከዚያ በኋላ ማኪያቶዬን የሚከፍሉት እሳቸው ሆኑ።

የቀን ውሏቸው እንዲህ ነው። ፀሐይ የምትወጣው 12 ሰዓት አካባቢ ነው። ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር የጻፍኩት አውቄ ነው፤ ስዋሂሊዎችም ሰዓት የሚቆጥሩት እንደኛ ነው። የእኛ ሁለት ሰዓት ጠዋት ለእነሱም "ሳ ምቢሊ" ነው፤ ቃል በቃል ሁለት ሰዓት። ፈረንጆቹ በዚህ ሁልጊዜ ይደናገራሉ፤ እኔ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ቀጠሮ አልሳትኩም።

ሙቀቱ ሳይበረታ በባሕሩ ዳር ይራመዳሉ። በሁለት ሰዓት ቡና ቤት ይሰበሰባሉ። ጋዜጣ በስልክ ይነበባል፤ የጡረታ ነገር፣ የቤት ሠራተኛ ነገር፣ የመብራት መጥፋት ይወራል። ስድስት ሰዓት ላይ ሁሉም ቤቱ ገብቶ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከማራገቢያ ሥር ይተኛል። ማታ በ40 ካርታ ስኮፓ የሚባለውን ጨዋታ ይጫወታሉ። ዓርብ ዓርብ በተራ አንዱ ቤት ፓስታ ይበላል። የካቲት ላይ ጠረጴዛው ዘጠኝ ሰው ነበረው፤ ሲስቁ ከሩቅ ይሰማል። ያያቸው ሁሉ "እርጅና እንዲህ ከሆነማ!" ይላል። እኔም ብያለሁ።

ከእነሱ ጠረጴዛ ጥቂት እርምጃ ርቆ ሌላ ሸንጎ አለ። በድሮው ከተማ በየቤቱ ደጃፍ ባራዛ የሚሉት የድንጋይ መደብ ይሠራል። አመሻሹ ላይ የሰፈሩ ሽማግሌዎች እዚያ ይቀመጣሉ፤ ቡና ሻጩ በከሰል የሚሞቅ የነሐስ ጀበናውን ይዞ ይመጣል። ቡናው ያለ ስኳር ነው፤ ዝንጅብል አለበት፤ ስኒው ከእኛ ሲኒም ያንሳል። ወጣት ሲያልፍ "ሺካሞ" ብሎ ሰላምታ ይሰጣል፤ ትልቁ "ማራሃባ" ብሎ ይቀበላል። ለታላቅ ብቻ የተለየ ሰላምታ ነው። እኔን መጀመሪያ "ሺካሞ" ያለኝ የጎረቤት ልጅ ሲሆን መልሱን ያስተማረችኝ የአምስት ዓመት የልጅ ልጄ ናት። እሷ "ቢቢ" ትለኛለች፤ አያቴ ማለቷ ነው።

የልጄ አማትም እዚያው ሰፈር ይኖራሉ። እሳቸው እንግሊዝኛ አይችሉም፤ እኔ ስዋሂሊ አልችልም፤ አስተርጓሚያችን የልጅ ልጃችን ነበረች። ጾም ስለገባ ምን ልበላ ነው ብዬ ስጨነቅ፣ በኮኮናት ወተት የተሠራ ምባዚ የሚባል የርግብ አተር ወጥና ሄል ያለበት ማሃምሪ፣ ማለትም እንደ ቦምቦሊኖ የሚጠበስ ዳቦ ይዘው መጡ። እንቁላልም ቅቤም የለበትም። ሩዙም ባቄላውም በኮኮናት ስለሚሠራ ሁለት ወር ጾሜን ያለ ችግር ገፋሁት።

እነዚህን ሁለት ሸንጎዎች ጎን ለጎን ሳይ የታዘብኩት አለ። ጣልያኖቹ አብዛኞቹ ከአሥር ዓመት በላይ የኖሩ ናቸው። ሆኖም ባራዛው ላይ ተቀምጦ ቡና ሲጠጣ ያየሁት አንድም የለም። ሠራተኞቹና ሾፌሮቹ ጣልያንኛ ስለሚናገሩላቸው ስዋሂሊ መማር አላስፈለጋቸውም። ሽማግሌውን በ12 ዓመት ውስጥ ስንት ቃል እንደሚያውቁ ብጠይቃቸው በጣታቸው ቆጥረው ከሃያ አላለፉም።

ስለ ጤና ደግሞ ካነሳሁ፣ ሙያዬ ነውና ትንሽ ልበል። ሰው ሲያረጅ የውኃ ጥም ስሜቱ ይቀንሳል። በቆላ ሙቀት ላብ እየወጣ፣ የደም ግፊት ክኒኑ ደግሞ ሽንት የሚያሸና ዓይነት ከሆነ፣ ሰውየው ሳይጠማው ሰውነቱ ይደርቃል፤ ራሱን ያዞረዋል፤ ይወድቃል። ስለዚህ ውኃ በሰዓት እንጂ በጥም አይጠጣም፤ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት መጠኑን ሐኪሙን ይጠይቅ። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው መብራት ሲጠፋ መድኃኒቱን የት እንደሚያቀዘቅዝ አስቀድሞ ያስብ። ወባ ደግሞ አለ። አርባ ምንጭ በሠራሁባቸው ዓመታት እንዳየሁት፣ በወባ አገር ያደገ ሰው በተደጋጋሚ ተይዞ ጥቂት መከላከያ ያዳብራል፤ ከአውሮፓም ሆነ ከደጋ የሄደ አዛውንት ግን ምንም የለውም። ለእሱ ትኩሳት በያዘው ቀን ካልተመረመረ ነገ ሊረፍድ ይችላል።

የወረቀትም ነገር አለ። ኬንያ ሥራ ሳይሠራ ከውጭ በሚመጣ የተረጋገጠ ገቢ ለሚኖር ሰው የመኖሪያ ፈቃድ ትሰጣለች። ጣልያኖቹን የሚያሳስባቸው ግን የአገራቸው ሕግ ነው። ከአንድ ዓመት በላይ ውጭ የሚኖር ጣልያናዊ በውጭ ነዋሪነት መመዝገብ አለበት፤ እንዲህ ባለ አገር ነዋሪ ሆኖ ከተመዘገበ በኋላ ደግሞ የአገሩን የነፃ ሕክምና እንደ ድሮው አያገኝም፤ ለጉብኝት ሲመለስ የሚፈቀድለት አስቸኳይ ሕክምና ነው፤ እሱም ለ90 ቀን። ስለዚህ ብዙዎቹ ግማሹን ዓመት እዚህ፣ ግማሹን እዚያ ያደርጋሉ። ሁለቱንም በር ክፍት ማድረጋቸው ነው። ሽማግሌው ግን ቱሪን ያለውን ቤታቸውን ሸጠው መጥተዋል። ሚስታቸው ከአራት ዓመት በፊት አርፈው የተቀበሩትም ማሊንዲ ነው። መመለሻ የላቸውም።

መጋቢት ሲያልቅ ነፋሱ ዞረ። ባሕሩ ይናወጥ ጀመር፤ ሳባኪ የሚባለው ወንዝ ከደጋው ያጠበውን አፈር እያመጣ የባሕሩን ዳር ቡና አስመሰለው። ሆቴሎች እየተዘጉ ሠራተኞቻቸውን ለእረፍት ላኩ። ከዘጠኙ የቡና ሰዎች በመጀመሪያው ሳምንት አራት ሄዱ፤ ቀጥሎ ሦስት። "በኅዳር እንገናኝ" እየተባባሉ ይሳሳማሉ። ሁለት ሽማግሌዎች ለጥቂት ቀን ለሁለት ስኮፓ ተጫወቱ። ከዚያ አንደኛውን ልጃቸው መጥታ ወሰደቻቸው። ያ ሁሉ ሳቅ የነበረበት ጠረጴዛ ላይ እኚያ የቱሪኑ ሽማግሌ ብቻቸውን ጋዜጣቸውን ሲያነቡ ማየት ልብ ይነካል።

በሚያዝያ መጀመሪያ አንድ ጠዋት ሁለት ሰዓት አለፈ፤ ሽማግሌው አልመጡም። መቅረታቸውን ያወቀው በየቀኑ ከቤታቸው የሚያመጣቸው የባጃጅ ሾፌር ነው። ጡሩምባ ነፋ፤ አልወጡም። ዝናብ ነው ብሎ መሄድ ይችል ነበር። አልሄደም። ወደ ቡና ቤቷ መጥቶ ለአስተናጋጇ ነገራት፤ እሷ የሽማግሌውን ምግብ አብሳይ በስልክ ጠራቻት፤ የእረፍት ቀኗ ነበር። ነርስ መሆኔን ስለሚያውቁ እኔንም ይዘውኝ ሄዱ። አብሳይዋ በያዘችው ቁልፍ ከፍተን ስንገባ ሽማግሌው ከአልጋቸው ሥር ወለል ላይ ወድቀዋል። ሰውነታቸው እንደ እሳት ይፋጃል፤ ከንፈራቸው ደርቋል፤ እኔን በሚስታቸው ስም ጠሩኝ። ትኩሳቱ የጀመራቸው ከትናንት በስቲያ ኖሯል። ጉንፋን ነው ብለው ክኒን እየዋጡ ተኝተዋል።

ተሸክመን በባጃጁ ሐኪም ቤት አደረስናቸው። የጣት ደም ተወሰደ፤ ውጤቱ ወባ፣ ያውም ፋልሲፓረም የሚባለው ክፉው ዓይነት ሆነ። መርፌው ወዲያው ተጀመረ። በሁለተኛው ቀን አእምሯቸው ተመለሰ፤ በአምስተኛው ቀን ወጡ። በነርስነት ዓይኔ ስመለከተው ሌላ አንድ ሌሊት ወለሉ ላይ ቢያድሩ ኖሮ አሁን የምጽፈው ሌላ ታሪክ ነበር።

በእነዚያ ቀናት ስልካቸው እረፍት አልነበረውም። ልጃቸው ከቱሪን በቀን ሦስት ጊዜ ትደውላለች፤ የካርታ ጓደኞቻቸው ከሚላን፣ ከቦሎኛ መልእክት ይልካሉ። ሁሉም ከልብ የመጣ ነበር። አንሶላ የቀየረችው፣ ሾርባ በማንኪያ ያጎረሰችው፣ ሌሊት መሬት ላይ ምንጣፍ ዘርግታ ያደረችው ግን ያቺ የጊሪያማ ሴት ናት። የባጃጅ ሾፌሩም ጠዋት ማታ ይመጣል። ባራዛው ላይ የሚቀመጡት ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ዜናውን ሰምተው ሁለት ሰው ልከው ጠየቋቸው። ሽማግሌው በ12 ዓመት ውስጥ የእኔ ማኅበር ብለው ያልቆጠሯቸው ሰዎች ናቸው በነፍሳቸው የደረሱት። "ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል" የምንለውን እዚያ አልጋ አጠገብ ቁጭ ብዬ አየሁት።

ነገሩን ግን አላሳምረውም። ማሊንዲ ባለችበት በኪሊፊ አውራጃ ገጠሮች አዛውንት በጥንቆላ እየተወነጀሉ የተገደሉበት ጊዜ ብዙ ነው። ሽበት የወንጀል ምልክት ይሆናል። ጉዳዩን የሚከታተሉ ሰዎች እንደሚሉት ከክሱ በስተጀርባ ብዙ ጊዜ የሚገኘው የመሬት ውርስ ነው፤ ጣት የሚቀስረውም አንዳንዴ የገዛ ልጅ ነው። አብሳይዋ ይህን የነገረችኝ ሐኪም ቤቱ ኮሪደር ላይ ነበር። እናቷን ከገጠር አምጥታ ከተማ ያስቀመጠቻት ለዚሁ ነው። የባዕድ ሽማግሌ ስታስታምም የምታድረው፣ የራሷን እናት ለጎረቤት አደራ ሰጥታ ነበር። እንግዲህ ዘመድ መኖሩ ብቻ ዋስትና አይሆንም፤ ገንዘብ መኖሩም አይሆንም። ዋስትና የሚሆነው የሚፈልግህ ሰው መኖሩ ነው።

ወደ ልጆቻችሁ ለመጠቅለል ለምታስቡ እኩዮቼ፣ እናትና አባታችሁንም "ኑ" ለምትሉ ልጆች፣ ከዚያ ያመጣኋቸውን ጥያቄዎች ላካፍላችሁ። አንደኛ፣ ጠዋት በሬን ሳልከፍት ብቀር እስከ እኩለ ቀን ማን ያውቃል? ልጅ ሥራ ነው፤ የልጅ ልጅ ትምህርት ቤት ነው፤ ከእነሱ ሌላ ስም መጥራት ካልቻልን ገና አልተዘጋጀንም። ሁለተኛ፣ በአገሩ ቋንቋ "አሞኛል፣ እዚህ ጋ ነው" ማለት እችላለሁ? ሦስተኛ፣ መድኃኒቴ እዚያ ይገኛል? ሐኪም ቤቱ ምን ያህል ይርቃል? ማን ይከፍላል? አራተኛ፣ የማየው ወቅት የትኛው ነው? ደስ በሚለው ወር ብቻ ሄዶ መወሰን አይገባም፤ ሰው የሚበተንበትን ወር ማየት ያስፈልጋል። አምስተኛ፣ ባልስማማ የምመለስበት ቤት አለኝ?

እኔ የአዲስ አበባ ቤቴን አልሸጥም። ዕድሬንም አልለቅም። ለልጄ የነገርኳት ይህንን ነው፦ በየዓመቱ በኅዳር እሄዳለሁ፤ ትልቁ ዝናብ ሳይገባ እመለሳለሁ። አንዱን ዓመት ደግሞ ዝናቡንም ጨምሬ እቀመጥና አየዋለሁ። እስከዚያ ስዋሂሊ እማራለሁ፤ የልጅ ልጄ በየእሑዱ በስልክ አሥር ቃል ታስጠናኛለች፤ ሳላጠና ከቀረሁ ትቆጣኛለች። ከሐኪም ቤት የወጡት ሽማግሌም ከአብሳይዋ መማር ጀምረዋል አሉ። ሾፌሩ አንድ ቀን ባራዛው ላይ አስቀምጧቸው፣ መራራውን ቡና ፊታቸውን አጨማደው ጠጥተዋል።

ባለፈው ሳምንት የልጄ አማት በልጅ ልጃችን አፍ መልእክት ላኩብኝ። በሰፈሩ ያሉ ሴቶች ቻማ የሚሉት ማኅበር አላቸው፤ ልክ እንደኛ ዕቁብ በየወሩ ገንዘብ ያዋጣሉ፤ የታመመም ይጠይቃሉ። ስሜን አስመዝግበውልኛል። መዋጮው በወር 500 ሽልንግ ነው፤ የመጀመሪያውን እሳቸው ከፍለውልኛል፤ ኅዳር ላይ ይዤው እንድመጣ ብለዋል።